ሥዕሉን ያደበዘዘው ማን ነው? ከ1888 የመስታወት ቱቦ እስከ ቡፌያችን መብራት

በ1886 ለንደን ውስጥ የጦፈ ክርክር ተነሳ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ጄ. ሲ. ሮቢንሰን የተባለ የሥነ ጥበብ ባለሙያ፣ ሙዚየም ውስጥ የተሰቀሉት የውሃ ቀለም ሥዕሎች በብርሃን እየጠፉ ነው ብሎ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ሌሎቹ ደግሞ ምንም አልሆኑም አሉት። ክርክሩ ቀልድ አልነበረም፤ ሥዕሎቹ የሕዝብ ንብረት ናቸው፣ አንዴ የለቀቀ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

ጉዳዩን እንዲመረምሩ ኬሚስቱ ዋልተር ራስልና ዊልያም አብኒ ተመደቡ። አብኒ የጦር መሐንዲስም ነበር (እኛ መሐንዲሶች እንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ስንገኝ ደስ ይለኛል)። ሥራቸው እኮ ቀላል ነው፦ ወረቀት ላይ ቀለም ቀቡ፣ ቁራጮቹን መስታወት ቱቦ ውስጥ ከተቱ፣ ፀሐይ ላይ አስጧቸው። አንዳንዱ ቱቦ አየር ያስገባል፣ ከአንዳንዱ ደግሞ አየሩ ወጥቷል። ሌሎቹን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መስታወት ጋረዷቸው።

ውጤቱ በ1888 ለእንግሊዝ ፓርላማ ቀረበ። አየር በሌለበት ቱቦ አብዛኞቹ ቀለሞች ሳይነኩ ቀሩ። ጥፋተኛው ብርሃን ብቻውን አይደለም ማለት ነው፤ ኦክስጅንና እርጥበት ያግዙታል። በሰማያዊው መስታወት ስር የነበሩት ክፉኛ ሲደበዝዙ፣ በቀዩ ስር ያሉት ግን ብዙም አልተለወጡም።

ለምን? መልሱን እናንተ ፊዚክስ ክፍል ተምራችሁታል፤ እነሱ ግን የአንስታይንን የ1905 ሐሳብ ገና አላዩም ነበር። ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው በፎቶን በፎቶን ነው። አንድ የሰማያዊ ፎቶን 2.75 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲይዝ፣ የቀይ ፎቶን 1.9 ገደማ ይይዛል። አልትራቫዮሌት ከሁለቱም ይበልጣል። የቀለም ሞለኪውል ውስጥ ለውጥ ለመቀስቀስ ጉልበተኛው ፎቶን ይቀናዋል።

አሁን ወደ ሳሎናችሁ። የድሮው ባለ ክር አምፖል ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፤ የእሱ ችግር ሙቀቱ ነው፣ ዝግ ቡፌ ውስጥ ዕቃውን ያደርቃል። ረጅሙ ፍሎረሰንት ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ያመነጫል፤ ነጩ ልባስ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል፣ ትንሽ ግን ያመልጣል። ኤልኢዲስ? «አልትራቫዮሌት የለውም፣ አይጎዳም» ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ መነሻው 450 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ልባስ ተጨምሮበት ነው ነጭ የሚመስለው። ስለዚህ ለቡፌ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ምረጡ።

ደግሞ ድምሩን አስሉ። ሙዚየሞች ለውሃ ቀለም ሥዕል የሚፈቅዱት 50 ሉክስ ገደማ ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በዓመት 146,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ገደማ ስለሆነች፣ ያንን የዓመት ድርሻ በአንድ ሰዓት ተኩል ትጨርሰዋለች፤ አልትራቫዮሌቷ ሳይቆጠር! ስለ አምፖል እየተጨነቀ የአያቱን ፎቶ ወይም የተፈረመበትን ማሊያ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት የሚሰቅል ሰው ይገርመኛል።

ካላመናችሁ ሞክሩት። ባለ ቀለም ወረቀት ግማሹን በፎይል ሸፍኑና አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቡፌ መብራት ስር፣ አንዱን መሳቢያ ውስጥ አድርጉ። በየወሩ ፎይሉን ገለጥ እያደረጋችሁ አወዳድሩ። ቀይም አትርሱ፤ በነራስል ሙከራ ቶሎ ከደበዘዙት አንዱ ካርሚን የሚባለው ቀይ ነበር።