ከነውር ወደ በደል

ነውርና በደል ለየቅል ናቸው። ነውር ዐይን የሚሸሸው ነገር ነው፤ በደል ግን ተበዳይ አለው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በጸያፍ ሥዕሎች ጉዳይ የሰጡትን ብያኔ ሳገላብጥ የተረዳሁት፣ ሕጉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ፈጀበት ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1857 የወጣው ሕግ ፖሊስ በዳኛ ትእዛዝ ጸያፍ መጻሕፍትንና ሥዕሎችን በርብሮ እንዲይዝ፣ የተያዙትም እንዲወድሙ ፈቀደ። ጸያፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ትርጓሜው የመጣው በ1868፣ ሂክሊን በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ ነው። ዋና ዳኛው ኮክበርን ያስቀመጡት መለኪያ፣ «ነገሩ በእጁ ሊገባ የሚችለውንና ልቡ ለክፉ ክፍት የሆነውን ሰው ያበላሻል ወይ?» የሚል ይዘት ነበረው። እንግዲህ ልብ እንበል! ጭንቀቱ ሁሉ ለተመልካቹ ነው። በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው? ምንስ ደረሰበት? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የ1959ኙም ሕግ መለኪያውን ቢያሻሽለውም ከተመልካቹ አልራቀም።

ጥያቄው የዞረው በ1978 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሕፃናት ጥበቃ ሕግ የሕፃናትን ጸያፍ ፎቶግራፍ ማንሳትንና ማሰራጨትን ወንጀል አደረገ። ተመልካቹ ተበላሸ አልተበላሸ ማስረዳት አላስፈለገም። ጸያፍ መሆኑን የሚወስነው ጁሪ፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተውጣጣው የፈራጆች ጉባኤ፣ በማኅበረሰቡ የጨዋነት ልክ መዝኖ ነው። በ1988 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የሚመዘነው ፎቶግራፉ ራሱ እንጂ ያነሳው ሰው ሐሳብ አይደለም ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት ይዞ መገኘትም ወንጀል ሆነ፤ ቅጣቱ ግን በመጀመሪያ ከገንዘብ አላለፈም።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ሥዕሉን ከኢንተርኔት ወደ ራሱ ኮምፒዩተር የገለበጠ ሰው ሥዕሉን «ሠርቷል» ብሎ ፈረደ። መጀመሪያ ሳነበው ቃል መሰንጠቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ቀድሞ ያልነበረ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ተፈጥሯልና፣ ክርክሩ ውኃ ይቋጥራል።

ችግሩ ቅጣቱ ላይ ነው። ገልባጩ «ሠሪ» ከተባለ፣ ካሜራ ይዞ ሕፃኑ ፊት ከቆመው ጋር እኩል ይቀጣ? ፍርድ ቤቱ በ2002 ሥዕሎቹን በአምስት ደረጃ ከፈለ፤ የ2014ቱ የቅጣት መመሪያ ወደ ሦስት ዝቅ አደረጋቸው። ለቅጣት ሲባልም ተራው ገልባጭ እንደ ያዥ ይቆጠራል አለ። በከባዱ ምድብ መነሻ ቅጣቱ ለያዘ 1 ዓመት፣ ላሰራጨ 3 ዓመት፣ ሕፃኑን ፎቶግራፍ ላነሳ 6 ዓመት እስራት ሆነ። ሁሉም በየሥራው ተለየ ማለት ነው።

እኔ ይህን ድልድል ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ዳኛ ያለ ልክ አይፈርድምና። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ደረጃው የሚወጣው በሥዕሉ ላይ በሚታየው ድርጊት ነው። ሥዕሏ ከሦስቱ በመጨረሻው ምድብ የገባባት ልጅ ግን፣ ያ ሥዕል በማታውቀው ሰው ቤት ዛሬም እንደሚታይ እያሰበች ታድጋለች። የእሷን ሥጋት የሚለካ ምድብ ገና አልተገኘም።