ጎመንና አጋዘን

መንዝ፣ ራቤል ላይ የጓሮ አፈር ከእርሻው ሁሉ የጠቆረ ነው፤ የበግ በጠጥና የምድጃ አመድ ዓመቱን ሙሉ ይደፋበታል። ጎመን ብትዘራበት ይወጣል፣ ባትዘራበትም ካምና የረገፈው ይበቅላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባንበት ቤት ጓሮ ግን ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል፣ ሲርስ ጫማ ያወልቃል። በግ የለ፣ አመድ የለ። ያዳነን ሊፍግሮ ነው፦ ከሞንትጎመሪና ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የተሰበሰበ ቅጠልና ሣር በስብሶ በከረጢት የሚሸጥ ብስባሽ። ሰው በጥቅምት ጠርጎ ያስወጣውን ቅጠል በመጋቢት ገዝቶ ይመልሰዋል፤ አሜሪካ እንዲህ ናት።

ዘሩን ከየት አገኘኸው ለሚለኝ፣ ከሰው እጅ ነው። ከአገር ቤት ማስመጣትም ይቻላል፣ በሻንጣ ጥግ ሸጉጦ ግን አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በአነስተኛ መጠን ለሚገባ ዘር የሚሰጠው ፈቃድ አለ፤ በዚያ ፈቃድ አንዱ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም፣ አንዱ ጭነት ከ50 ፓኬት መብለጥ የለበትም። የጎመን ዘር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል፤ 50 ፍሬ የአውራ ጣት ጥፍር አይሸፍንም። ደግነቱ ጎመን አንዴ ከያዘ ዘሩን አይሰስትም። አንድ እግር ሳይነቀል ቢተው፣ ቢጫ አበባው ረግፎ ዘንጉ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ለሰፈር የሚበቃ ይራገፋል። የተረፈውን ምጣድ እናስስበታለን። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ባያስፈልገውም፣ በጎመን ዘር ካልታሰሰ እንጀራው ዓይን የሚያወጣ አይመስለኝም።

ዘር ማግኘቱ ቀላሉ ነው፤ የከበደው ወቅትን እንደገና መማር ነው። መንዝ ላይ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ምንም አይቀረው፤ ጎመን የሚያውቀው ጠላትም ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ነው። ሜሪላንድ ደግሞ የደጋውን ብርድና የቆላውን ሙቀት ባንድ ዓመት ታፈራርቃለች። ሰኔ ላይ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ጎመኑ ቅጠሉ ይመርና ወደ አበባ ይሮጣል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እንዘራለን፤ በመጋቢት ለግንቦት፣ በነሐሴ ለጥቅምትና ለኅዳር። የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የነቢያት ጾም ሲገባ ደርሶ ይጠብቀናል። እናቴ በስልክ «ውርጩ አልመታብህም?» ስትለኝ፣ ስስ ውርጭ ሲነካው ቅጠሉ ስኳር አበጅቶ እንደሚጣፍጥ ነገርኳት። «እንዲያማ ከሆነ እኛም ስንጣፍጥ በኖርን» አለች።

በሶብላ ተቃራኒው ነው። ሌሊቱ ሳይሞቅ ውጭ ከተተከለ ይኮማተራል፤ እስከ ግንቦት አጋማሽ መስኮት ሥር ይቆይና ጎመኑን የሚያማርረውን ሐምሌን እሱ ይፈነድቅበታል። በጳጉሜ አበባው ከነዘለላው ተቆርጦ ጋራዥ ውስጥ፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። ያን ሰሞን መኪናችን ሽሮ ሽሮ ይላል። ጌሾው ደግሞ ታቹ በተበሳ ባልዲ ተተክሎ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሳሎን ይከርማል፤ ፈረንጅ እንግዳ ሁሉ የቤት አበባ ይመስለዋል።

መንዝ ላይ ገብስ የሚጠበቀው ከጭላዳ ነው፤ እዚህ ከአጋዘን። ማታ ከጫካው ወጥቶ አጥር ይዘላል። ጤና አዳም በጠረኑ ያባርረዋል ብለው የመከሩን ነበሩ። አጋዘኑ ጤና አዳሙን በጥንቃቄ አልፎ ጎመኑን እስከ ግንዱ ጨረሰው። ጤና አዳሙ ለቡናችን ተረፈ፤ በረዶ ሥር ከርሞ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል። ብቻ ልጆች በጠራራ ፀሐይ እንዳይቀጥፉት እንከለክላለን፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል።

አሁን ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን መረብ ዙሪያውን ቆሟል። ከኤል ሳልቫዶር የመጡት ጎረቤታችን በመረቡ በላይ ቺፒሊን የሚሉትን የሾርባ ቅጠል ያቀብሉኛል፤ እኔም ጎመን አቀብላቸዋለሁ። ዘንድሮ ቅጠሉን ትተው ዘሩን ጠየቁኝ። ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከመዝራታቸው በፊት መረቡን እንዲያስቀድሙም ነግሬያቸዋለሁ።