የጃይፑር እግር

ሰው ሠራሽ እግር የጎደለውን አካል ከመተካቱም በላይ ከባለቤቱ አኗኗር ጋር መስማማት እንዳለበት በግልጽ ካስተማሩት ታሪኮች አንዱ በሕንድ አገር፣ በጃይፑር ከተማ የተፈጸመው ነው።

በዚያ በሚገኘው በሳዋይ ማን ሲንግ ሆስፒታል በምዕራባውያን ሥሪት እግር የተገጠመላቸው ሰዎች ጥቂት ቆይተው እንደገና በክራንች ተደግፈው ይታዩ ነበር። እግሩ ያለ ጫማ የማያገለግል፣ ቁርጭምጭሚቱም የማይታጠፍ ስለ ነበረ መሬት ላይ እግርን አጣጥፎ ለመቀመጥ፣ ቁጢጥ ለማለትና በጭቃማ እርሻ ለመራመድ አያመችም ነበር።

ይህን ችግር የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ፕራሞድ ካራን ሴቲና የእጅ ጥበብ ባለሙያው ራም ቻንድራ ሻርማ በኅብረት መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማም ከጎማና ከእንጨት የተሠራ፣ በየአቅጣጫው የሚተጣጠፍ፣ ቅርጹ ባዶ እግርን የሚመስል፣ ውሃ የማይበግረው እግር አስገኙ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጃይፑር የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር ደግሞ እግሩን ለችግረኞች በነፃ ያድል ጀመር።

እርግጥ ሥራው የእጅ ሥራ በመሆኑ የአንዱ እግር ክብደትና ጥንካሬ ከሌላው ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት ለሴቲ ሲሰጥም የሻርማ ስም የዚያን ያህል አልታወቀም።

ይሁን እንጂ የጃይፑር ታሪክ ለሙያው ሁለት ቁም ነገር አትርፎለታል። የመጀመሪያው፣ ታካሚው የጣለው እግር የታካሚውን እምቢተኝነት ሳይሆን የሥሪቱን ጉድለት የሚያመለክት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የሐኪሙ ዕውቀት ከባለ እጁ ጥበብ ጋር ካልተባበረ ፍሬው ምሉዕ የማይሆን መሆኑ ነው።