የክረምት ልጆች በእንጦጦ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እኛ የየካ ሰዎች ክረምት በገባ ቁጥር እንግዳ አናጣም። ችግኝ ለመትከል ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶች ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራዩና፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዳገት ላይ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ይውሉና፣ ማታ ጭቃቸውን አራግፈው ይተኙና፣ መስከረም ሲጠባ የቆፈሩትን ተራራ ሳያውቁት ይሄዳሉ። እንግዳ ቤታችን ከርሞ ጓዳው ቀርቶ ሳሎኑን ሳያይ ሲወጣ ደግ ነው ትላላችሁ?

እናም በአንድ የሐምሌ እሑድ፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ላይ ፋታ ሲሰጥ፣ ጎረቤት ያሉትን ልጆች «ተነሱ፣ ዛሬ አካፋ የለም» ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። አንዷ የጎጃም ልጅ ናት፤ አንዱ መተሐራ አገዳ ሲቆርጥ የከረመ ነው፤ ሌሎቹ የወሎ ልጆች ናቸው። «አባባ፣ ሩቅ ነው?» አሉኝ፤ «ለእናንተ ምን ይርቃል» አልኳቸው።

መጀመሪያ ዋሻ ሚካኤል ወጣን። በየካ ተራራ ላይ፣ በዛፍ መሐል ያለ፣ ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰዉ አብርሃና አጽብሐ አሠሩት ይላል፤ አጥኚዎች ግን ዕድሜውን ወደ ላሊበላ ዘመን ያቀርቡታል። የመተሐራው ልጅ ጫማውን አውልቆ መዳፉን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈና ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ዞሮ «አባባ፣ ይህን የቆፈሩት በቀን ስንት ይከፈላቸው ነበር?» አለኝ። ሳቅን፤ ግን ጥያቄው የቆፋሪ ጥያቄ ነው፣ እኔ ይህን ያህል ዘመን ስመላለስ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ከዚያ በታክሲ ሽሮ ሜዳ ደረስንና ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ጉሙ ወረደ፣ ብርዱም መጣ፣ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ መንገድ ለቀቅንላቸው፤ የጎጃሟ ልጅ የአንዷን ሸክም ከኋላ ደግፋ ገመዱን አስተካከለችላቸው፣ እናትም ቀና ሳይሉ መረቋትና አለፉ።

እንጦጦ ማርያም ደርሰን ተሳለምንና፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ መሆኑን ነገርኳቸው። እቴጌ ጣይቱ ይህ ብርድ አልስማማ ብሏቸው ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን እንዳስቆረቆሩ፣ ከተማዪቱም ዛፉን ሁሉ አንድዳ ጨርሳ ወደ አዲስ ዓለም ልትነሣ ምንም እንዳልቀራት፣ ኋላም ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ እንዳተረፋት አወራን። ከወሎ ልጆች አንዱ ይህን ሰምቶ «ታዲያ እኛ ለምንድን ነው ጽድና ወይራ የምንተክለው?» አለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር እምብዛም አያበቅልም፣ ውኃም አይጠግብም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን መናፈሻ በጨረፍታ አለፍነው፤ እዚያማ ብቻቸውንም ይሄዳሉ። አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉባቸውንም ጉልላቶች ከሩቅ በጣቴ አሳየኋቸውና ወደ ተራራው ጫፍ መራኋቸው። እኔ ላሳያቸው የጓጓሁት እዚያ ነበር።

ጫፉ ላይ ስትቆሙ፣ ወደ ደቡብ የወረደ ዝናብ በከተማዋ አልፎ አቃቂ ይገባል፣ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም አፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። አንድ እርምጃ ወደ ሰሜን የወረደው ግን በሱሉልታ በኩል አድርጎ ሙገር፣ ከሙገር ዓባይ፣ ከዓባይ ግብፅ ድረስ ዘልቆ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ይህን ስነግራቸው የመተሐራው ልጅ «ያ አገዳው የሚጠጣው ውኃ ከዚህ ነው የሚመጣው?» ብሎ ወደ ደቡብ ቁልቁል አየ። የጎጃሟ ልጅ ምንም አላለችም፤ የሃይላንዷን ክዳን ፈታችና፣ የቀረቻትን ውኃ ወደ ሰሜን ቀስ አድርጋ አፈሰሰችና፣ «በአገሬ ሥር ይለፍ» አለች።

በማግስቱ ሰኞ ሥራ ላይ ጉድ ፈላ። የዓባይ ወገንና የአዋሽ ወገን ተብለው ተከፋፍለው፣ የማን ጉድጓድ ወደየት እንደሚያፈስ ሲከራከሩ አለቃቸው ደረሰ አሉ፤ «ይህን ደግሞ ማን አስተማራችሁ?» ብሎ ተቆጣና፣ ጥቂት አዳምጦ፣ የራሱስ ቤት በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቃቸው።