ከወራቆች ገበያ እስከ እጅ ስልክ

ዛሬ መልእክት የሚተላለፍበት መንገድ ሲለወጥ ኡማችን ያተረፈውንና የከሰረውን ከታሪክ እንቃኛለን።

በየማማ ጦርነት ብዙ የቁርአን ሐፊዞች ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ቁርአንን በአንድ እንዲሰበስብ አዘዙት። ዘይድ ራሱ ሐፊዝ ነበር። ሆኖም በራሱ ሒፍዝ ብቻ አልተማመነም፤ የተጻፈውን ሰዎች በቃላቸው ከያዙት ጋር እያመሳከረ ሰበሰበ። ማጣራት የተማርነው ከዚያ ነው።

ከቻይና በሰመርቀንድ በኩል የመጣው ወረቀት በሐሩን አር-ረሺድ ዘመን (እ.ኤ.አ. 786–809) ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ጀመር። ከብራና ስለሚረክስ ኪታብ በዛ። «ወራቅ» የሚባሉት ወረቀት ሻጮችና ኪታብ ገልባጮች የራሳቸው ገበያ ነበራቸው። ታዋቂውን የኪታቦች መዝገብ «አል-ፊህሪስት»ን እ.ኤ.አ. በ987 ያዘጋጀው ኢብኑ ነዲምም ወራቅ ነበር። ያኔ አዲሱን ነገር ቀድመን ተቀበልን፤ ዒልምም አበበ።

በማተሚያ መኪና ጊዜ ግን ዘገየን። ጉተንበርግ በጀርመን መጽሐፍ ቅዱስን ያተመው እ.ኤ.አ. በ1455 አካባቢ ነው። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ ግን በኢስታንቡል የመጀመሪያ ኪታቡን ያወጣው በ1729 ነበር፤ ያውም የዲን ኪታቦችን እንዳያትም ተከልክሎ። ለምን ዘገየን? የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። የገልባጮች እንጀራ፣ የእጅ ጽሑፍ ክብርና ስህተትን መፍራት ይጠቀሳሉ። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1537 ገደማ ቬኒስ ውስጥ የታተመው ቁርአን በስህተት የተሞላ ነበር።

መፍትሔው ግን መሸሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1924 ካይሮ ላይ ዑለማኦች ፊደል በፊደል የመረመሩት ሙስሐፍ ታተመ፤ ከብዙ አገሮችም ደረሰ። መኪናው ያው መኪና ነው፤ ልዩነቱ አጣሪ መኖሩ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ማተሚያ ቤት ይዘናል። «ሐዲስ ነው» የተባለ ወሬ ሲደርሰን ሰነዱን ሳንጠይቅ ለመቶ ሰው እናስተላልፋለን። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጭ ወሬም እንዲሁ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አመጸኛ ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት። ስልኩን አንጥላው፤ ግን ጣታችን ከመላኩ በፊት እንደ ዘይድ እናመሳክር።

ወላሁ አዕለም።