ነጥቡና ነጥብ ሰጪው

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከበበቃ የሚመጣ ቡና ደረጃው የሚወሰነው በዓይን ብቻ ሳይሆን በምላስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በተጠቀመበት የደረጃ አሰጣጥ፣ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለስኒው ተመድቦ ነበር። የስኒው ድርሻ ደግሞ ለንጽሕና፣ ለአሲድነት፣ ለቦዲና ለጣዕም 15፣ 15 ሆኖ ተደለደለ። ናሙናው በመለያ ቁጥር ስለሚቀርብ ቀማሹ ቡናው የማን እንደሆነ አያውቅም። ቀማሽ ግን ሰው ነውና አንዱ ለጋስ ይሆናል፤ ሌላው ለምርጡም ቢሆን ነጥብ ይሰስታል። ናሙናው ከአንድ በላይ ቀማሾች ዘንድ የሚቀርበውም የአንዱ ልግስና በሌላው ስስት ተቻችሎ የቡናው ጠባይ ብቻ እንዲቀር ነው። የገበሬው ገቢ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ጥንቃቄው ከቶ አይበዛም።

በቅምሻ ቤት እንደ ገለባ የሚጣለው ይኸው የነጥብ ሰጪው ዝንባሌ በሌላ ሙያ ዘንድ ዋናው ፍሬ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸውም የፊልም ተመልካችን ምርጫ ከሰጠው ነጥብ የማወቅ ሙያ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ሙቪሌንስ የተባለውን አገልግሎት ሲያቋቁሙ መነሻቸው ቀላል ነበር፤ እስካሁን ላዩዋቸው ፊልሞች ተቀራራቢ ነጥብ የሰጡ ሰዎች ወደፊት ለሚያዩዋቸውም ተቀራራቢ ፍርድ ይሰጣሉ የሚል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ደግሞ በፖስታ ፊልም ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ፣ የግምት ስሌቱን በ10 በመቶ ለሚያሻሽልለት 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሸልም አስታወቀ። ለዚሁም 480,189 ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጧቸውን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ስማቸውን ፍቆ ለተወዳዳሪዎች አቀረበ። ተወዳዳሪዎቹ በቅድሚያ የሠሩት ሥራ ለቡና ቀማሽ እንግዳ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ተመልካችና የእያንዳንዱን ፊልም አማካይ ነጥብ ፈልገው ቀነሱ። ከ5 ኮከብ 4 መስጠት ለለጋሱ ተራ ነገር ነው፤ ለቆጣቢው ግን ታላቅ ምስጋና ነው። ይህ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው፣ አንዱን ወደ ቀልድ፣ ሌላውን ወደ ጦርነት ፊልም የሚስበው፣ የሰውየው እውነተኛ ምርጫ ነው። ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው ቡድን ተቀናቃኙን የቀደመው በ20 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ውጤታቸው እኩል ነበርና።

ይሁን እንጂ የተረፈው ነገር ከተፈለገው በላይ ተናጋሪ ሆነ። አርቪንድ ናራያናንና ቪታሊ ሽማቲኮቭ የተባሉ ሁለት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ለጥቂት ፊልሞች የሰጠውን ነጥብና ቀኑን በግምት እንኳ የሚያውቅ፣ ባለቤቱን ስም ከሌለበት መዝገብ ነቅሶ ሊያወጣው እንደሚችል አሳዩ። ሁሉ ያየው ፊልም ማንንም አያጋልጥም፤ የሚያጋልጠው ጥቂቶች ያዩት ነው። የቡናውን ባለቤት የሚሸሽግ ቁጥር የተመልካቹን ባለቤትነት ሊሸሽግ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በድርጅቱ ላይ ክስ ተመሠረተ፤ በ2010 ድርጅቱ ያቀደውን ሁለተኛ ውድድር ሰረዘ።