የአሪቲ ታሪክና አተካከል
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከወረደ በኋላ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን እያለፈ ካራቆሬ ይደርሳል። በስተምዕራብ የደጋው ገደል እንደ ግንብ ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የይፋት ቆላ ወደ አፋር ምድር እየተዘረጋ ይሄዳል። ብዙ ሰዎች የካራቆሬን ስም የሚያስታውሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ በደረሰውና አጎራባቿን መጀቴን ባፈረሰው የምድር መናወጥ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ምድር መናወጥ ሳይሆን፣ በየጓሮው ስለሚተከል አንድ ትንሽ ተክል ነው።

በካራቆሬ በአንድ ቤት ቡና ተጋብዤ ሳለሁ፣ የቤቱ እመቤት ከደጃፋቸው የአሪቲ ቅጠል ቀንጥበው በረከቦቱ አጠገብ ከተጎዘጎዘው ቄጤማ ጋር ጨመሩት። ሽታው ቤቱን ሞላው። «እማማ፣ ይህን የሚያህል አሪቲ በዚህ ሙቀት እንዴት አጸደቁት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ከደጋ ከዘመድ ቤት ያመጣሁት ነው፤ ልጄ፣ እንደ ሰው ነው፤ ካወቅህበት ይለምዳል» አሉኝ። ቀጥለውም የልጅ ልጃቸው ትኩሳት በያዘው ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ የአሪቲ ጭማቂ እንዳጠጡት፣ ባይሻለው ግን ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ እንደ ወሰዱትና ወባ እንደ ተገኘበት ነገሩኝ። ልጁ ድኗል። «ሦስቱን ቀን ግን በከንቱ አሳለፍናቸው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ እኒያ ሦስት ቀኖች ናቸው።

በመጀመሪያ አሪቲ ምን ዐይነት ተክል እንደ ሆነ እንመልከት። የተክል ሊቃውንት አሪቲንና የቅርብ ዘመዱን ጭቁኝን «አርቴሚሲያ» በሚባለው ወገን ይመድቧቸዋል። ስሙ በኤፌሶን ትመለክ ከነበረችው ከግሪኮች አማልክት ከአርጤምስ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። ይህ ወገን ደግሞ አደይ አበባን፣ ኑግንና ሱፍን በሚያጠቃልለው ታላቅ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይገኛል። የዚህ ቤተ ዘመድ ምልክቱ እኛ አንድ አበባ የምንለው ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑ ነው። የአሪቲ አበባ ቢጫና እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ዐይን አይስብም፤ ክብሩ አመድማ በሆነው ቅጠሉና በሽታው ላይ ነው። አደይ በመስከረም ፈክቶ ሲጠፋ፣ አሪቲ ግን ሥሩ ሳይሞት ከዓመት እስከ ዓመት ይኖራል።

ይህ ተክል በአገራችን የታወቀው በመጻሕፍት ሳይሆን በእናቶች እጅ ነው። በበዓል ቀን ከቄጤማና ከጠጅ ሳር ጋር ይጎዘጎዛል፤ በሸዋም በወሎም ሴቶች ለመዓዛው ሲሉ ይይዙታል፤ ሆድ ሲነፋና ጉንፋን ሲይዝ ታሽቶ ይሸተታል፣ ተጨምቆም ይጠጣል። የውጭ አገር ሰዎችም የዚህን ወገን መራራነት ያውቁታል። በአውሮፓ ከአንዱ ዝርያ «አብሳንት» የተባለ ብርቱ መጠጥ ይጠመቅ ነበር፤ ነገር ግን የሰውን አእምሮ ያናውጣል ተብሎ ስለ ተከሰሰ ስዊስ በ1910፣ ፈረንሳይም በ1915 ከለከሉት። እገዳው በኋላ ቢነሣም፣ ታሪኩ ሽታው ደስ የሚያሰኝ ቅጠል ሁሉ ያለ ልክ የሚጠጣ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

አሁን ደግሞ ወደ ይፋት ታሪክ እንመለስ። ይፋት ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መተላለፊያ ነበረች። ከዘይላና ከታጁራ ጨውና ሸቀጥ የጫኑ ግመሎች በረሃውን አቋርጠው በአንኮበር ግርጌ ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይደርሱ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከጓደኞቹም አንዱ ዶክተር ሮት የአገሩን አትክልትና እንስሳ የሚመረምር ሊቅ ነበር። በዚያ ዘመን ደገኛው ከነጋዴውና ከወንበዴው ይልቅ የሚፈራው የቆላውን ንዳድ ነበር። ዝናም ሲያበቃ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ታሞ ይመለሳል፤ አንዳንዱም ከቶ አይመለስም። ሰው ግን በሽታውን የሚያመጣው የቆላው አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1880 ፈረንሳዊው ላቭራን የበሽታውን ነፍስ በሰው ደም ውስጥ አየ፤ በ1897 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። የንዳድ ምሥጢር የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው።

ምሥጢሩ ቢገለጥም ጠላቱ አልተሸነፈም። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ወር ወባ ከቆላው ወጥቶ ወደማያውቀው ወይና ደጋ ዘለቀ። የዚያ ዓመት ዝናምና ሙቀት ከልማድ ያለፈ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። በሚቀጥለው ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹም የመርጫ ዕቃ ተሸክመው በየመንደሩ ዲዲቲ ሲረጩ አዛውንቶች ያስታውሳሉ። ከዚያም ክሎሮኪን የተባለው ክኒን ለብዙ ዘመን አገለገለ፤ በሽታው ሲለምደው በ1998 በሌላ ተተካ፤ ያም ሲደክም በ2004 ኢትዮጵያ ዛሬ ብዙ ሰው «ኮአርተም» ብሎ የሚያውቀውን መድኃኒት መረጠች።

አድማጮቻችን ሆይ፣ የአሪቲ ታሪክ ከወባ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የኮአርተም አንዱ ክፍል የተገኘው በቻይና ከሚበቅል የአሪቲ ዘመድ ነው። በ1967 የቻይና መንግሥት የወባ መድኃኒት እንዲፈለግ ካዘዘ በኋላ፣ ቱ ዩዩ የተባለች ሴት ሊቅ የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍትን ትመረምር ጀመር። ብዙ ቅጠል ሞከረች፤ ቅጠሉ አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ሌላ ጊዜ ግን አልሠራ አለ። በመጨረሻ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ ጌ ሆንግ የተባለ ሰው የጻፈውን አነበበች። እርሱ ቅጠሉን በውሃ ነክረህ ጭመቀው ይላል እንጂ አፍላው አይልም። እርሷም እሳቱ ኃይሉን እያጠፋው መሆኑን ተረድታ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በ1971 በአይጥ ተሞክሮ ፈጽሞ ሠራ፤ በ1972 እርሷና ባልደረቦቿ ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ስለዚህም ሥራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው የእኛም አሪቲ የወባ መድኃኒት ነዋ!» ሊል ይችላል። አይደለም። የቻይናው ተክል በአንድ ዓመት ዘርቶ የሚሞት ሌላ ዝርያ ነው። ወባን የሚገድለው ቅመም በእርሱ ውስጥ ይገኛል፤ በጓሮአችን ባለው አሪቲና ጭቁኝ ውስጥ ግን በሽታውን ለመፈወስ የሚበቃ ሆኖ አይገኝም። ወንድማማቾች በመልክና በሽታ ቢመሳሰሉም ጠባያቸው አንድ አይሆንም። የቻይናውን ተክል እንኳ እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣትን የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 አልደግፍም ብሏል፤ ምክንያቱም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቅመም ልኩ አይታወቅም፤ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በሽታውን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ይህም ተራ ሥጋት አይደለም፤ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በጎረቤታችን በኤርትራ ይህን መድኃኒት መቋቋም የጀመረ ወባ ተገኝቷል። በአገራችንም በ2024 እስከ ጥቅምት ወር ብቻ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የወባ ሕመም ተመዝግቧል።

ታዲያ አሪቲን ከጓሮአችን እንንቀለውን? ይህማ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ለመዓዛው፣ ለበዓሉና ለቤታችን ክብር ልንተክለው ይገባናል። አተካከሉም ብዙ ድካም የለበትም። ጤነኛ ከሆነ እናት ተክል አንድ ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ፣ በክረምት መግቢያ በለሰለሰ አፈር ይተከላል፤ ወይም ያረጀው ግንድ ከሥሩ ተከፍሎ ይዛወራል። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይወድዳል። ጠላቱ ከድርቅ ይልቅ የቆመ ውሃ ነው፤ ስለዚህ በጥቁር ጭቃ መሬት ላይ መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እንደ ካራቆሬ ባለ ሞቃት አገር እስኪጸድቅ ድረስ በማታ ውሃ ማጠጣትና የቀትርን ፀሐይ በጥቂት ጥላ መከላከል ይጠቅማል። ከጸደቀ በኋላ ግን ብዙ ውሃ አይሻም።

ዋናው እንክብካቤ መቁረጥ ነው። ያልተቆረጠ አሪቲ እንጨት ይሆናል፤ ከሥሩ ይራቆታል፤ ቅጠሉም ይሳሳል። አበባው ከመርገፉ በፊት እስከ ግማሽ ቁመቱ ቢቆረጥ እንደገና ለምልሞ ይወጣል። የተቆረጠውን በጥላ ሥር ማድረቅ መዓዛውን ይጠብቃል፤ ፀሐይ ላይ ያሰጡት ግን ሽታው ይሄዳል። ደግሞም መራራው ጭማቂ በዝናም ወደ አፈሩ እየወረደ የጎረቤት ተክልን እድገት ሊያደክም ስለሚችል፣ ከጎመንና ከሰላጣ መደብ ራቅ አድርጎ መትከል መልካም ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ጭማቂውን ከመጠጣት ይጠበቁ።

የዚህ ታሪክ ትምህርቱ እንግዲህ አጭር ነው። ጌ ሆንግ የጻፈው ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት በመጽሐፍ ተዘግቶ ኖረ። ሰውን የፈወሰው ቃሉ ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉን አክብራ የተቀበለችና ነገር ግን ሳትመረምር ያላመነች ሴት ልፋት ነው። እኛም የእናቶቻችንን ዕውቀት እንዲህ አድርገን ልንይዘው ይገባል፤ ሳንንቀው፣ ከልኩም ሳናሳልፈው። የአሪቲ ስፍራው በረከቦቱ አጠገብ ነው። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ግን ስፍራው ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያም በዚያው ቀን እንጂ በአራተኛው ቀን አይደለም። አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለዚህ ነውና፣ ማታ ከአጎበር ሥር መተኛትንና በመንደር የቆመ ውሃ ማፍሰስን አንርሳ።

የካራቆሬዋ እናት ስሰናበታቸው አንድ የአሪቲ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ትከለው፤ ሲጸድቅ ለጎረቤት ስጥ፤ የነገርኩህንም አብረህ ንገር» አሉኝ። ቅርንጫፉ ጸድቋል፤ መልእክታቸውንም ይኸው አደረስሁ።